ኦፓል ጀምራ የተወችው ብርድ ልብስ

ቨርና ክሩገር የሰው ሥራ ስታይ መጀመሪያ ገልብጣ ጀርባውን ነው የምታየው። ሌላ ሰው የእጅ ሥራ ብርድ ልብስ ሲያሳዩት ፊቱን አይቶ «አቤት ማማሩ!» ይላል፣ ዳበስ ያደርገዋል፣ ነገሩ በዚሁ ያልቃል። ቨርና ግን ጫፉን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ትገለብጥና ቋጠሮ ትፈልጋለች። ታገኛለችም። ቋጠሮ ብታጣ የላላ የክር ዐይን አታጣም፤ እሱም ከጠፋ ቀለሙ አለ። «ቡኒን ከሮዝ ጋር ምን አገናኘው?» ትላለች፣ ሠሪዋ አጠገቧ ቆማ። ሠሪዋ ትቀላለች፣ እንደ ምንም ትስቃለች፣ ከዚያ ቤቷ ገብታ ታለቅሳለች። ቨርና ደግሞ እውነቱን በመናገሯ ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

በእኛ በሊንደን ግሮቭ በቆሎው ከተሰበሰበ በኋላ፣ በረዶው እስኪሄድ ድረስ፣ ሴቱ ሁሉ ኪሮሽ ይዞ ነው የሚከርመው። ልጅ ሲወለድ ብርድ ልብስ፣ ልጅ ሲያገባ ብርድ ልብስ፣ አሳማ አርቢው ጎረቤት እግሩን ሲሰበር ብርድ ልብስ። አፍጋን ነው የምንለው፤ ለምን አፍጋን እንደተባለ የሚያውቅም የለም፣ የጠየቀም የለም። ሶፋ ሁሉ ጀርባው ላይ አንድ አለው። ውሻውም የራሱ አለው። ከዚህ ሁሉ የክር ክምር መሀል የቨርና ሥራ ከሩቅ ይለያል፣ ይህን መካድ አይቻልም። ጠርዙ በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው፤ ዐይኖቹ እኩል ናቸው፤ ፊቱና ጀርባው አይለይም። ግን ለብሶት የሚተኛ አንድ ሰው ፈልጋችሁ አታገኙም። ክሩን አጥብቃ ከመያዟ የተነሳ ይደርቃላ! ሰዉ አጣጥፎ ሳጥን ውስጥ ይከተውና ቨርና ስትመጣ ብቻ ተሯሩጦ ሶፋው ላይ ያነጥፈዋል።

ኦፓል የምትባል ታናሽ እህት ነበረቻት። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የኦፓል ሥራ አስቀያሚ ነበር። ጨርቅ መጣል አይሆንላትም። የሸሚዝ እጅጌ፣ የመጋረጃ ጫፍ፣ ያረጀ ፒጃማ፣ የዱቄት ከረጢት ሳይቀር፣ ብጣሹን ሁሉ ለቃቅማ ሰፍታ አንድ ነገር ታደርገዋለች። የድስት መያዣ ታደርገዋለች፣ የመርፌ መትከያ ታደርገዋለች፣ ለወንበር እግር ካልሲ ታደርገዋለች። አንድ ሰሞን እንዲያውም ለመጸዳጃ ቤት ሶፍት ቀሚስ መስፋት ጀምራ ነበር። አዎ፣ ለሶፍት ቀሚስ፣ ያውም ከነቀበቶው! ሰው በቸኮለበት ሰዓት መጀመሪያ ሶፍቱን ልብስ ማስወለቅ ነበረበት። በከተማው የኦፓል የድስት መያዣ የሌለበት ኩሽና የለም፤ ሁሉም አንድ ጎናቸው ያጥራል፣ መሀላቸው ይሳሳል። ግማሻችን ጣታችን የተቃጠለው በእሱ ነው። ቢሆንም ሌላ የገዛ ሰው አላየሁም።

ሴቶቹ ሐሙስ ሐሙስ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት እየተሰበሰቡ ይሠራሉ። አንድ ሐሙስ ኦፓል ከነዚያ መያዣዎች አንዱን አምጥታ ለቨርና ሰጠቻት።

«ይሄ ምንድነው?» አለች ቨርና፣ ገልብጣ።

«የድስት መያዣ ነዋ።»

«ለድስቱ ነግረሽዋል?»

ሴቶቹ ሳቃቸውን ሊውጡ አንገታቸውን ደፉ። ከሁሉም በላይ የሳቀችው ግን ራሷ ኦፓል ናት። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

«አንቺ እኮ አታፍሪም» አለቻት ቨርና።

«ምኑ ያሳፍራል? ጨርቁ የባሌ ሸሚዝ ነው። ነፍሱን ይማረውና እሱም ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብል ነበር።»

ቨርናን የሚያቃጥላት ይኸው ነው። ነቀፋዋ ሌላውን ሰው ያደማል፤ ኦፓል ላይ ሲደርስ ግን አይይዝም። ከዚያ የባሰ የሚያቃጥላት ደግሞ ዳርሊን ነበረች፣ የኦፓል አንድ ልጅ። ዳርሊን ሩቅ ከተማ ጥርስ ሐኪም ቤት ነው የምትሠራው፤ እሑድ በመጣ ቁጥር መኪናዋን እየነዳች እናቷ ዘንድ ትመጣለች። ኦፓል ሥጋውን ከሰል አድርጋ ታቀርባለች፣ ልጂቱም ትበላለች፣ ሁለቱ እየተንከተከቱ ከሰዓቱን ያሳልፋሉ። ቨርና ከመንገዱ ማዶ በመስኮት መኪናዋን ታያለች። ልጅ አልወለደችም፣ ባሏም ከሞተ ቆይቷል፤ ሥጋ መጥበስ ደግሞ ከእህቷ መቶ እጅ ትችላለች። ያቺ መኪና አንድ እሑድ እንኳ ከእሷ ደጅ ብትቆም ምን ነበረበት? ግን ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። እንዲያውም ዳርሊን ሰላም ልትላት ብቅ ስትል «ጫማሽን ጥረጊ» ነው የምትላት።

ከዚያ ኦፓል ታመመች። ሆስፒታል ሲያስተኟት በፌስታል የተራረፈ ክር ሁሉ አስመጥታ ለዳርሊን ብርድ ልብስ ጀመረች፤ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ የሚለውን፣ በየመስመሩ ቀለሙ የሚለወጠውን ዓይነት። ቡኒው፣ ሮዙ፣ አዳኞች የሚለብሱት ዓይን የሚያጠፋ ብርቱካናማ፣ ምኑ ቅጡ፣ እጇ የገባውን ሁሉ ትሠራበታለች። ቨርና ልትጠይቃት ሄዳ ገና ኮቷን ሳታወልቅ ገለበጠችው።

«እየጠበበ ነው እኮ የሚሄደው። ዐይን እየሳትሽ ነው።»

«እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«ሳይንቀጠቀጥም ትስቺ ነበር።»

«እሱስ አልዋሸሽም።» ኦፓል ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነባትና ትንሽ ቆየች። «ስሚኝ ቨርና። እኔ አልጨርሰውም። አንቺ ትጨርሺላታለሽ። እጅሽን አስገቢበት፣ አፍሽን ግን አታስገቢበት።»

«ዝም ብለሽ ተኚ» አለች ቨርና። ኦፓል በረዶው ሳይሄድ ሞተች።

በእኛ ዘንድ እንዲህ ላለው ነገር ደንብ አለ። ሴት የጀመረችውን ሳትጨርስ ስትሞት ሥራው ከነኪሮሹ ለአንዷ ይሰጣል፤ ዘመድ ካለች ለዘመድ። ጨራሿ ሟቿ ካቆመችበት ትቀጥላለች። መጀመሪያ የምትሠራው አንድ መስመር ነጭ መሆን አለበት። ከነጩ በታች የሟቿ እጅ ነው፣ ከነጩ በላይ የጨራሿ። የሟቿ እጅ ቢያምርም ባያምርም አይነካም። በየቤቱ ነጭ መስመር ያለባቸው አሮጌ ብርድ ልብሶች አሉ፤ ሰዎች ቴሌቪዥን እያዩ ሳይታወቃቸው ከነጩ በታች ያለውን ሲዳብሱ ታያላችሁ።

ከቀብሩ በኋላ በምድር ቤቱ ካም የምንለው የአሳማ ሥጋ ሳንድዊችና ያ የሚንቀጠቀጥ አረንጓዴ ጣፋጭ፣ ጄሎ፣ ቀረበ፤ እኛ ጋ ያለሱ ሰው አይቀበርም። የኦፓል ጓደኛ ጎልዲ ፌስታሉን ለቨርና አስረከበቻት። ዳርሊን መጥታ አጠገቧ ቆመች። ዓይኗ አባብጧል።

«አክስቴ፣ የእማዬን ቤት ለአከራዩ ማስረከብ አለብኝ። ለፋሲካ መጥቼ ዕቃዋን አነሳለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ… እንግዲህ ምን ብዬ እመጣለሁ?»

ቨርና ልትመልስላት ቀና አለች። «እኔ ጋ ትመጫለሻ» ማለት ነበር፤ ከዚህ የቀለለ ነገር አለ? የእኛዋ ጉድ ግን ሳህኑን አየችና «ሳንድዊችሽን አልጨረስሽም» አለች። ልጂቱ ሳህኗን ይዛ ሄደች።

ቨርና ቤቷ ስትገባ ሐሳቧ ቁርጥ ሆነ። አፏ እንደማይሆንላት አውቃለች፣ እጇ ግን ይሆንላታል። ይህን ብርድ ልብስ እንደሷ ማንም አይጨርሰውም። ዳርሊን ለፋሲካ ስታየው ያኔ ይገባታል፤ የምትመጣበት ቤት፣ የምትመጣበት ሰው እንዳላት ይገባታል። እንዲህ አሰበችና ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው።

ወይ ጉድ! ኦፓል በጤናዋ የሠራችው ራሱ ለዓይን የሚያስቸግር ነበር፤ ይህ ደግሞ የታማሚ ሥራ ነው። አንዱ መስመር ሰፍቶ ሌላው ተኮማትሯል። ጠርዙ ውሻ ያኘከው ይመስላል። የመጨረሻው መስመር መሀል ላይ ቆሞ ኪሮሹ እንደተሰካ ነው። ቨርና ኪሮሹን ነቀለችና አንድ መስመር ብቻ፣ ጠርዙ እንዲስተካከል ብላ፣ ተረተረች። እሷን ካነሳሁ አይቀር ብላ ከሥሯ ያለችውን ተረተረች። ያችኛዋ ደግሞ ከሁለቱ የባሰች ሆነች። ታዲያ ይህን ትቼ ነው ነጭ መስመር የምሠራው? ሰው ቢያይ ምን ይላል? የቨርና እህት ናት አይልም? እንዲህ እያለች፣ ለራሷ እየፈረደች፣ ስትስብ ዋለች።

እየተረተረች ዝም አትልም። ባዶ ኩሽና ውስጥ ተቀምጣ እህቷን ትሰድባለች። «እዚህ ጋ ምን ነካሽ? እዚህ ጋ ደግሞ ተኝተሽ ነው?» ትላለች፣ እያንዳንዱን ስህተት ወደ መስኮቱ ብርሃን እያነሳች። ሳታየው ያለፈችው አልነበረም። መሀል አካባቢ አንድ አረንጓዴ መስመር ላይ ስትደርስ ግን እጇን ገታ አደረገች። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቷ አላየችም። ዐይኖቹ አንዱ ጡጫ ያስገባል፣ ሌላው መርፌ አያስገባም። አንዳንድ ቦታ ክሩ ሁለቴ ዞሯል፣ አንዳንድ ቦታ ጭራሽ አልተያዘም። «መድኃኒቱ ነው» አለች፣ «ምስኪን፣ መድኃኒቱ አናቷ ላይ ወጥቶ ነው» አለችና ያንን ከሌላው ሁሉ ፈጥና ሳበችው። አረፍኩ፣ ገላገልኳት አለች።

የተተረተረ ክር እንደተጨማደደ ነው የሚቀረው፣ የቀድሞ ሥራው ቅርጽ አይለቀውም። ቨርና ግን ለዚህም መላ አላት። ክሩን በወንበር መደገፊያ ላይ ጠመጠመች፣ በሞቀ ውሃ ነከረች፣ ከታች እንዲያቀናው ብረት ምጣድ አንጠልጥላበት እስኪደርቅ ሰቀለችው። ሲደርቅ አዲስ ክር መሰለ።

ጎልዲ ኬክ ይዛ ስትገባ ኩሽናው ውስጥ የተሰቀለውን አየች። ኬኩን ከእጇ ሳታስቀምጥ ቆመች።

«ቨርና፣ ይሄ የኦፓል ክር አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ተረተርሽው?»

«ምን ላድርግ? አላየሽውም እንጂ—»

«አይቼዋለሁ! አጠገቧ ተቀምጬ ነው የሠራችው። እግዚኦ፣ አንቺ ሴትዮ፣ የሟች እጅ ይተረተራል?»

«የሟች እጅ ቢሆንስ ደንቡ ዐይን ዝለል ይላል?»

«ደንቡማ እንዳይነካ ነው!»

«ደንቡ ነጭ መስመር ነው» አለች ቨርና፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ነጩን መስመር ካቆመችበት ቦታ ላይ አደርጋለሁ። ልጂቱ የሚያምር ነገር ይደርሳታል። ከዚህ ሌላ ምን ጎደለ?»

ጎልዲ ኬኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። «እኔ አልነግራትም፣ አትፍሪ» አለች። «ግን ቨርና፣ አንቺ ማየት ትችያለሽ እንጂ ሌላ ምንም አትችዪም።» በሩን ሳትዘጋው ወጣች። ቨርና ተነስታ ዘጋችው፣ ኬኩንም ገልብጣ ከሥሩ አሯል ወይስ አላረረም ብላ አየች። አሯል።

ብርድ ልብሱ አለቀ። አይ ሥራ! እነዚያ የማይገናኙ ቀለሞች እንኳ በቨርና እጅ ገብተው ሰልፍ እንደያዘ ወታደር ቀጥ አሉ። ማዕበሉ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። የኦፓል ክር በቨርና አጥባቂ እጅ ሲሠራ ስለተኮማተረ ብርድ ልብሱ ከቀድሞው አጠር ብሎ ወጣ፤ ቨርና ከራሷ ክር ጨምራ ልክ አደረሰችው። ነጩ መስመር መሀሉ ላይ፣ ኦፓል በቆመችበት ልክ፣ ተሰመረ። ቨርና ገለበጠችው። የሚነቀፍ ነገር ፈልጋ አጣች፤ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ደስታ አግኝታ አታውቅም።

የፋሲካ ዕለት ቨርና ካሙን በማር ቀብታ ጠበሰች፣ ድንቹን በቅቤ ፈጨች፣ የማይወጣውን ሳህን አወጣች። ዳርሊን የእናቷን ዕቃ መኪናዋ ላይ ጭና ስትጨርስ መንገዱን ተሻግራ መጣች። ቨርና በሩን ከፈተችላት። «ጫማ—» ብላ ጀምራ ዋጠችው።

«ግቢ» አለች። «ምግብ ደርሷል።»

በሉ። ዳርሊን «በጣም ይጣፍጣል፣ አክስቴ» አለች፣ ከልቧ ነው። ቨርና ፊቷ በራ። ሳህኑን እንኳ ሳታነሳ ወደ መኝታ ቤት ሄዳ ብርድ ልብሱን ይዛ መጣችና ልጂቱ ጭን ላይ ዘረጋችው።

«ጨረሽው!» ዳርሊን አፏን ያዘች። እጇ ወዲያው ነጩን መስመር ፈልጎ አገኘ፣ ከዚያ ከነጩ በታች ወረደ። «ይሄ እማዬ ናት» አለች፣ መዳፏን አሳርፋ። እንባዋ መጣ። ቨርና ከወንበሯ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። አሁን ትናገራለች፣ አሁን «እሑድ እሑድ ልምጣ ወይ?» ትላለች ብላ ጠበቀች።

የዳርሊን ጣት ግን አንድ ነገር መፈለግ ጀመረ። ቀለሙን እየቆጠረች ወረደች፣ ተመልሳ ወጣች፣ ብርድ ልብሱን ወደ ፊቷ አስጠጋች።

«አረንጓዴው የታለ?»

«ያውልሽ አረንጓዴው» አለች ቨርና፣ በጣቷ ጠቁማ። ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ አረንጓዴ።

«እሱ አይደለም። የእኔ አረንጓዴ።» ዳርሊን በእንባዋ መሀል ሳቀች። «አልነገረችሽም? ሆስፒታል ሳለች አንድ ቀን ኪሮሹን አስያዘችኝና እጄን ከላይ በእጇ ይዛ አንድ መስመር ሙሉ አሠራችኝ። እኔ እኮ እንኳን ኪሮሽ ቁልፍ መስፋት አልችልም። ነርሷ ሳትቀር መጥታ ስቃብናለች። እማዬን ልተርትረው ብላት እንቢ አለችኝ። ‹ከብርድ ልብሱ ሁሉ የሚሞቀው ይሄ ነው› አለችኝ።»

ያ ጡጫ የሚያስገባ ዐይን፣ ያ ሁለቴ የዞረ ክር፣ ያ ፈጥና የሳበችው መስመር ቨርና ፊት ድቅን አለ። ውሸት ቢኖራት ይሄኔ ነበር የምታወጣው። ውሸት ግን አልለመደችም፤ ሰው ፊት ለፊት መስደብ ብቻ ነው የለመደችው።

«ተረተርኩት» አለች።

«ምኑን?»

«ሁሉንም።»

ዳርሊን መጀመሪያ አልገባትም። ብርድ ልብሱን ገለበጠችው፣ እንደ ቨርና አድርጋ ጀርባውን አየች። ቀና ስትል ፊቷ የእናቷን ፊት አይመስልም ነበር። የቨርናን ነበር የሚመስለው።

«ነጩስ? ነጩ መስመር ምንድነው ታዲያ?»

«ደንብ ነው ብዬ—»

«ድንቄም ደንብ!» ልጂቱ ተነሳች። ብርድ ልብሱ ከጭኗ ወለሉ ላይ ወደቀ። «ከነጩ በላይ አንቺ፣ ከነጩ በታች አንቺ! እናቴ የት አለች? በሕይወት እያለች ስትነቅፊያት ኖርሽ፣ እሷ ሳቀችልሽ። ሞታ እንኳ አላስተረፍሻትም? ለእኔ ያስቀመጠችልኝ ይህችን ብቻ ነበር!»

«እንዲያምርልሽ ብዬ ነው» አለች ቨርና። ድምጿ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነባት። «እንድትመጪ ብዬ ነው። እሑድ… እኔ ጋ እንድትመጪ ብዬ።»

ይህችን ቃል ለስንት ዘመን አፏ ውስጥ ይዛ ኖራ የምታወጣበትን ጊዜ እዩልኝ! ዳርሊን ኮቷን አንስታ ለበሰች። ወደ በሩ ሄደች። እጀታውን ያዘች። ቨርና ካሙ ፊት ቁጭ እንዳለች ጀርባዋን ታያታለች፤ አሁን ከወጣች ያቺ መኪና እዚህ መንገድ ላይ ሁለተኛ አትቆምም።

ዳርሊን አልወጣችም። ፊቷን ወደ በሩ እንዳደረገች፣ ሳትዞር ጠየቀች።

«ከመተርተርሽ በፊት አይተሽዋል?»

«ምኑን?»

«የእኔን መስመር። አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«አንቺ ስህተት አትረሺም። እማዬ ሁልጊዜ ትለኝ ነበር። ‹ቨርና የልጅነት መሀረቤን ስህተት ሳይቀር ታስታውሳለች› ትለኝ ነበር።»

«አልረሳም» አለች ቨርና።

ዳርሊን ዞረች። መጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ ኮቷን ሳታወልቅ። ዓይኗን ጨፈነች። «ንገሪኝ» አለች።

«ምኑን ልንገርሽ?»

«ስህተቱን። ከመጀመሪያው ጀምሪ።»

ቨርና እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ጣቶቿ ኪሮሽ እንደያዙ ሆነው ተንቀሳቀሱ። «የመጀመሪያው» አለች፣ «የመጀመሪያው ዐይን በጣም ጠብቆ ነበር። አፍነሽዋል።»

«ፈርቼ ነበር። እሺ።»

«ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ ክሩ አምልጦሽ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ከዚያ ወዲያ ለቀቅ አደረግሽው፣ በጣም ለቀቅሽው፣ ቀዳዳው ጡጫዬን ያስገባ ነበር።»

«እዚያ ጋ ነው ነርሷ የመጣችው» አለች ዳርሊን፣ ዓይኗን እንደጨፈነች። «እማዬ ስትስቅ እጇ ተነቃነቀ። ቀጥዪ።»

«ከፍ ያለው ቦታ ላይ መጨመር ሲገባሽ ቀነስሽ። ከዚያ ትንሽ የተስተካከለ ነበር፣ ትንሽ ብቻ። እዚያ ጋ የያዘችው እሷ ናት መሰለኝ፣ ወደ ግራ ያዘነብላል። ኦፓል ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ወደ ግራ ነው። ስንት ጊዜ መታኋት በዚህ ነገር።» ቨርና አፍንጫዋን ጠረገች። «ቀጥሎ ክሩን ሁለቴ አዙረሽዋል። አንቺ ነሽ ያዞርሽው፣ እሷ እንደዚህ አትሳሳትም።»

«እኔ ነኝ። ደክሟት እጇን አሳርፋ ነበር። ሌላስ?»

ቨርና ነገረቻት። ከዳር እስከ ዳር እየሄደች ነገረቻት፤ የትኛው ዐይን እንደተዘለለ፣ የትኛው እንደተጣመመ፣ ክሩ የት ጋ እንደሳሳ። ካሙ ቀዘቀዘ፣ ሁለቱም አልነኩትም። በሕይወቷ ሙሉ እንዲህ ስትናገር ሰው አዳምጧት አያውቅም፤ ሰው ይሸሻት ነበር እንጂ። ዳርሊን አንዳንዴ ትስቃለች፣ አንዳንዴ «እሱን አስታውሳለሁ» ትላለች፣ አንዳንዴ ፊቷን በእጇ ትሸፍናለች። ከዚያ ጠርዙ ላይ ደረሱ።

«መጨረሻው ላይ ሳትቋጥሪ ለቀቅሽው» አለች ቨርና። «ኦፓል ናት የቋጠረችው። ክፉኛ ነው የቋጠረችው።»

«ሌላስ?»

«አለቀ።»

«አላለቀም። ሌላ አለ። አስቢ እንጂ፣ አክስቴ።»

ቨርና አሰበች። መስመሩን እንደገና ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይነ ልቦናዋ ሄደችበት፤ አንድም ሳይነገር የቀረ ስህተት የለም። ነቀፋ አልቆባታል። ልጂቱ ኮቷን እንደለበሰች፣ ዓይኗን እንደጨፈነች ትጠብቃለች።

«አንድ አለ» አለች ቨርና። «ወደ መሀሉ አካባቢ። ሁለታችሁም አንድ ዐይን ላይ ገብታችሁ፣ አንቺም ስበሽ እሷም ስባ፣ ክሩ እንዲህ ተጠላልፎ ነበር። የማን እንደሆነ አይለይም ነበር።»

እንዲህ ያለ ነገር መስመሩ ላይ አልነበረም። ቨርና ስለ ክር ስትዋሽ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ዳርሊን ዓይኗን ገልጣ አየቻት። ከዚያ ኮቷን አወለቀች።